የሐዘን ጸጉር

እህቴ አገር ቤት ያረፈች ጊዜ ለቅሶዋን እዚሁ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ሰፈር ተቀመጥኩ። ከዚያ ሥራዬ ተመለስኩ። ሥራዬ ሚድ ዊልሻየር ካለ አንድ ፎቅ ፓርኪንግ በር ላይ ቲኬት መስጠት ነው። ጸጉሬንና ጢሜን ግን አልነካሁም። እስከ ተዝካሯ መላጨት የለም፤ አባቴም ለእናቱ እንዲህ ሲያደርግ አይቻለሁ። የኔ ጸጉር ደግሞ ሲያድግ ወደ ላይ ነው፣ እንደ ድፎ ዳቦ ይነፋል።

አለቃችን የኛው አገር ልጅ ናት። አንድ ቀን ጠጋ አለችኝ።

«ጋሼ፣ ሶ... ጸጉርህን ትሪም አድርገው። ከላይ ያሉት ኒት አይደለም ብለዋል።»

«ታጥቤ ነው የመጣሁት።»

«መታጠብ አይደለም ጋሼ። ሃይማኖቴ ነው በለኝና ልጻፍልህ። ያኔ ማንም አይነካህም።»

«ሃይማኖቴማ አይደለም። ቄሱ ራሳቸው ሐዘን አታብዙ ነው የሚሉት። ለእህቴ ነው።»

«ኧረ ጋሼ፣ አንድ ቃል እኮ ነው!»

«በእህቴ ሞት ልዋሽ?»

«ግትር!» ብላ ሳቀች፤ እንደጨነቃት ግን ፊቷ ያስታውቃል። ከሥራ እንዳያስወጡኝ ብላ ምድር ቤት አወረደችኝ፣ ደንበኛ የማያየኝ ቦታ።

ታች የደንበኞችን መኪና ተረክቦ የሚያቆም አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አለ። ጸጉሩ እየተገመደ ወገቡ ደርሷል። ሰላም በተባባልን ቁጥር በልቤ፣ የዚህ ሰው ሐዘን ምን ቢከብድ ነው እል ነበር። አሁን ጎን ለጎን ስንቀመጥ ጠየቅኩት።

«ሁ ዳይ?» አልኩት በዚያችው እንግሊዝኛዬ። ማን ሞቶብህ ነው ማለቴ ነው።

«ማንም። ምነው?»

ጸጉሩን አሳየሁት፣ የኔንም አሳየሁት፣ እንደምንም አስረዳሁት። ሲገባው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ፣ እሱም በር ላይ ልሥራ ብሎ ጠይቆ በጸጉሩ ምክንያት ታች እንደቀረ ነገረኝ።

«ሲበቅል እንዲህ ነው፣ ምን ላድርገው?» አለ። ቀጥሎ የእህቴን ስም ጠየቀኝ። ከመሥሪያ ቤቱ ሰው ስሟን የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው።

ተዝካሯ ወጣ። ተላጭቼ ገባሁ።

«አማረብህ ጋሼ! ከነገ ጀምሮ በርህ ላይ ነህ» አለችኝ አለቃዬ።

«እሱስ?»

«ማን?»

«ባለ ጸጉሩ። የኔ ሐዘን ነበር፣ አለቀ፣ ተላጨሁ። የሱ ምኑ እስኪያልቅ ነው የሚጠበቀው?»

ግንባሯ ላይ የወረደውን ለስላሳ ጸጉር በጣቷ ነካ አደረገችው።

«ጋሼ፣ እኔስ የራሴን ጸጉር በዚህ ዊግ የሸፈንኩት ወድጄ መሰለህ?»

ልቆጣት ነበር፣ ተውኩት።

«አይዞሽ ልጄ» አልኳት። «እሱ በር ላይ እስኪወጣ ግን እኔም እዚያው ታች ነኝ።»

ወረድኩ። የተላጨ ራሴን አይቶ «አለቀ?» አለኝ።

«የኔ አለቀ» አልኩት ወንበሬን እየሳብኩ። «ያንተ ነው የቀረን።»