ግድቡ ሲፈርስ የቀሩት

ኔድራ ስቶክስ የሃርመን ቤንድ መንደርን ልጆች በትምህርት ቤት አውቶቡስ ስታመላልስ ኖራ ጡረታ የወጣች ጊዜ፣ ሰዉ ሁሉ አሁንስ ታርፋለች ብሎ ነበር። ባሏ ሌላንድ ሞቷል፤ ልጆቿ አግብተው ሶልት ሌክ ከተማ ገብተዋል፤ ቤቱ ጭር ብሏል። እሷ ግን እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አልነበረችም። የመዘምራኑን መጋረጃ ሰፋች፤ የጎረቤቱን ሁሉ ውሻ አጠበች፤ ከዚያ የምትይዘው አጣች።

በጸደይ፣ እሑድ ከጸሎት በኋላ፣ የአጥቢያው ሰዎች የቀደሙ ሰፋሪዎች ስለሚታሰቡበት ስለ አቅኚዎች ቀን በዓል ሊመክሩ ተቀመጡ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ዴልማር ላንት ነው፤ የሣር እርሻ ያለው፣ ቆብ ከራሱ የማይወርድ፣ ከኔድራ ጋር ፊደል የቆጠረ ሰው። ዘንድሮ የመንደሩ ታሪክ በዘጋቢ ፊልም ቢቀርብ ጥሩ ነው፣ ከከተማ ባለሙያ እናስመጣ አለ። ኔድራ እጇን አወጣች።

«እኔ እሠራዋለሁ።»

«አውቶቡስ መንዳትና ፊልም መሥራት ይለያያል እኮ፣ ኔድራ።»

«ስድስት ልጆችህን ባንድ አውቶቡስ ችዬ የኖርኩ ሰው፣ ካሜራ ያቅተኛል?»

ሰዉ ሳቀ፤ ዴልማርም ሳይወድ ሳቀ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

ካሜራውን ከአማቿ ተዋሰች። አጠቃቀሙን አንድ ቅዳሜ ሙሉ ዶሮዎቿን እየቀረጸች ተማረችና ቤት ለቤት መዞር ጀመረች። የገባችበት ቤት ሁሉ ወንዙን መጀመሪያ የተሻገረው የኛ ቅድመ አያት ነው ይላታል። አምስተኛው ቤት ስትደርስ ሁለተኛ ሆኖ የተሻገረ ሰው መጥፋቱ ገርሟት ብቻዋን ሳቀች። የሚያፋጃቸው ይሄ ብቻ ነው። የግድቡ ነገር ሲነሳ ግን ሁሉም ባንድ አፍ ይናገራሉ። ወንዙ ግድቡን ደጋግሞ አፈረሰው፤ በመጨረሻው ጊዜ ብዙው ሰው ተስፋ ቆርጦ ጋሪውን ጭኖ ሄደ፤ እምነታቸው የጸና ጥቂቶች ቀሩ። የእነዚያ ስም ከቤተ ጸሎቱ ፊት ለፊት ባለው ድንጋይ ላይ ተቀርጿል። መጀመሪያ የተጻፈውም የዴልማር አያት፣ የሂበር ላንት ስም ነው።

ያንን ዓመት በዓይኗ አይታ በሕይወት ያለችው አርቪላ ክራንደል ብቻ ነበረች። ዘጠና አራት ዓመቷ ነው፤ ዘመድ የሆነም ያልሆነም አክስት አርቪላ ይላታል። ኔድራ ሄዳ ፊት ለፊቷ ካሜራ ተከለች። አሮጊቷ የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ፣ በየበዓሉ እንደምትናገረው አሳምራ ተናገረች። ኔድራ ዕንባዋን እየጠረገች ቤቷ ገባች፣ ቴሌቪዥኑን ከፈተች። አርቪላ ትታያለች፣ አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ማይክራፎኑን ሳትከፍተው ነው የዋለችው።

ሌላ ሴት ብትሆን አንገቷን ደፍታ ትተወው ነበር። ኔድራ በማግስቱ ጠዋት አርቪላ በር ላይ ቆመች።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ አክስቴ። ድምፁ አልገባም። እንደገና ቢነግሩኝ?»

«አንዴ ተናግሬያለሁ። ሸክላ መሰልኩሽ እንዴ፣ መልሰሽ የምታዞሪኝ?»

«ማንም ሳይሰማው ሊቀር ነው እኮ።»

«እግዜር ሰምቶታል። በሩን ዝጊው፣ ዝንብ ይገባል።»

ኔድራ ዘግታው ሄደች። በሚቀጥለው ሳምንት ካሜራውን ቤቷ ትታ ተመልሳ ሄደች። አትክልቱን ውሃ አጠጣችላት፤ መድኃኒቷን ከከተማ አመጣችላት፤ ስለ ፊልሙ ትንፍሽ አላለችም። ከዚያ በኋላም መሄዷን አልተወችም። ዴልማር መንገድ ላይ ባገኛት ቁጥር «እንዴት ነው፣ ድምፅ የሌለው ፊልምሽ?» ይላታል። «እየበሰለ ነው» ትለዋለች።

ኮኩ ቀደም ብሎ የደረሰበት ዓመት ነበር። የአርቪላ ጣቶች ቢላዋ መያዝ ስላቃታቸው ኔድራ ለክረምት የሚቀመጠውን ኮክ ልትልጥላት፣ ልትቀቅልላትና በጠርሙስ ልታሽግላት መጣች። ካሜራውን ዛሬ ይዛዋለች፤ በሩ ላይ ቆማ አሳየቻት።

አርቪላ በአገጯ አመለከተች። «እዚያ መደርደሪያው ላይ አስቀምጪው። ብቻ ኮኩን እንዳታሳርሪብኝ።»

ኔድራ ማይክራፎኑን አንዴ አየችው፣ ደግማ አየችው። ከዚያ ቢላዋ አንስታ ተቀመጠች። አርቪላ ፍሬውን ከዘሩ በጣቷ እየፈለቀቀች ራሷ ጀመረች።

«ያን ቀን የነገርኩሽ አባቴ በየበዓሉ የሚናገረውን ነው።»

«ታዲያ እውነት አይደለም?»

«ያማረ ነው። እውነቱ አጠር ይላል። ግድቡ የፈረሰው ጎህ ሲቀድ ነው። ድምፁን የሰማነው ከአልጋ ሳንወርድ ነው። ስንወጣ ባቄላው መሀል ዓሣ ይንደፋደፋል። ወንዶቹ ተሰብስበው መከሩ፤ እንሂድ አሉ። ሁሉም ነው እንሂድ ያለው፤ አባቴም ጭምር። ጋሪያችን ተጫነ፤ እኔና እህቶቼ ዕቃው ላይ ወጣን። እናቴን ብንጠብቅ የለችም።»

«የት ሄዱ?»

«ኤፍሬምን፣ ትንሹን ወንድሜን፣ በዚያው ጸደይ ነው የቀበርነው። መቃብሩ ጋ ሄዳ መሬት ላይ ቁጭ ብላለች። አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። አባቴ ለመናት፣ ከዚያ ተቆጣት። ፈረሶቹ እንደተጠመዱ እኩለ ቀን ሆነ። በመጨረሻ መጥቶ ፈታቸው። የቀረነው እንደዚያ ነው።»

ኔድራ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ሌሎቹስ?»

«የክሪስተንሰን ሚስት አራስ ነበረች። የአይቪንስ ፈረስ ሞቶበታል። እምነት አልነበረንም እያልኩሽ አይደለም፤ ነበረን። የሄዱትም ነበራቸው።»

«ሂበር ላንትስ?»

«መጀመሪያ የወጣው ጋሪ የሱ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ተመለሰ። ሲመለስ ደግሞ ከማንም በላይ ሠራ፤ ዛሬ ውሃ የምንጠጣበትን ግድብ የመራው እሱ ነው። ሰዉ ወደደው። ድንጋዩ ሲቆም ስሙን ከላይ አደረጉት፤ ማንም ግን ሁለቱን ዓመት አላነሳም።»

«እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ?»

«የሚጠይቁኝ ስለ እምነት ነው። ስለ እናቴ የጠየቀኝ የለም። ኮኩን እዪው፣ እያረረ ነው።»

ኔድራ ይህን ዴልማር ሳያውቅ በዓሉ ላይ ማሳየት አልፈለገችም። መጀመሪያ ዴልማር ቤት ወሰደችው። ዴልማር ቆቡን ከራሱ አውርዶ፣ ቆሞ፣ እስከ መጨረሻው አየው።

«ቁረጪው» አላት።

«አልቆርጠውም።»

«አሮጊቷ ዘጠና አራት ዓመቷ ነው፤ ተሳስታ ይሆናላ።»

«ባቄላው መሀል የተንደፋደፈውን ዓሣ ሳይቀር ታስታውሳለች። አንተም ተናገር፤ ስለ አያትህ የምታውቀውን እቀርጻለሁ። ከሷ ቃል ቀጥሎ እንዲታይ አደርጋለሁ።»

«ልጆቼ በዚያ ድንጋይ ሲኮሩ ነው ያደጉት፣ ኔድራ። ከቤቴ ውጪልኝ።»

ወጣች። መኪናዋን ቀጥ አድርጋ ነዳች።

በሁለተኛው ቀን የአጥቢያው ኤጲስ ቆጶስ ቴይን ዊትሎክ አስጠራት። እነሱ ዘንድ ኤጲስ ቆጶስ ከምእመናኑ የሚመረጥ ደመወዝ የሌለው ሰው ነው፤ ቴይንም በሥራ ቀን የመኪና ጎማ የሚቀይር ነው፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከጋራዡ ወጣ።

«እህት ኔድራ፣ ወንድም ዴልማር ተቀይሟል።»

«አውቃለሁ።»

«ትንሽ ማለስለስ አይቻልም?»

«እስቲ አንተ ሄደህ አክስት አርቪላን አለስልሳት።»

ሄደ። አመሻሹ ላይ ሦስት ጠርሙስ ኮክ ታቅፎ ኔድራ በር ላይ ቆመ። «ይታይ» አለ።

በበዓሉ ቀን ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ባለው አዳራሽ፣ ከቅርጫት ኳሱ ቀለበት ሥር፣ ነጭ ጨርቅ ተሰቀለ። ሴቶቹ ያመጡት በአይብ የተጋገረ ድንችና ጄሎ የሚሉት አረንጓዴ የሚርገበገብ ጣፋጭ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል። ዴልማር እጁን አጣምሮ በሩ አጠገብ ቆሟል። ወንዙን መጀመሪያ የተሻገሩት ሁሉ በየተራ ሲታዩ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። የአርቪላ ወጥ ቤት ሲመጣ ግን ሹካ የያዘው ሁሉ አስቀመጠ። እናትየዋ መሬት ላይ ተቀመጠች የሚለው ላይ ከኋላ አንድ ሰው ሲያለቅስ ተሰማ። የሂበር ላንት ስም ሲነሳ ማንም ወደ በሩ አልዞረም፤ ላለመዞር ሁሉም አንገታቸውን ገትረው ነበር። አርቪላ በተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ሆና «ድምፄ ይሄ ነው እንዴ?» አለች ጮክ ብላ።

ሲያልቅ አንዳንዱ መጥቶ ኔድራን አቀፋት። አንዳንዱ ሳህኑን ይዞ በሌላ በኩል አለፈ። የዴልማር እህት ቬልዳ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታዋን ነሳቻት። ኔድራ ከፋት፤ እሑድ እሑድ ግን ከቬልዳ ኋላ ያለውን የተለመደ ወንበሯን አልቀየረችም።

ሣሩ ሁለተኛ ጊዜ ታጭዶ ካለቀ በኋላ ዴልማር በሯን አንኳኳ።

«አባቴ የተወለደው ጎረቤት ግዛት ኔቫዳ፣ አንድ የማዕድን መንደር ውስጥ ነው» አላት፣ ሳይቀመጥ። «ልጅ ሆኜ ለምን እዚያ ተወለድክ ስለው ሥራ ነበር እያለ ያልፈኛል። ለካ እነዚያ ሁለት ዓመታት ናቸው። ሄጄ ላየው ነው። ካሜራሽ አለ?»

«አለ።»

«እዚያ ቆሜ ምን እንደምል አላውቅም።»

«እኔም ምን እንደምጠይቅህ አላውቅም። መንገድ ላይ እናስባለን።»

በሱ መኪና፣ ኔድራ እየነዳች ሄዱ፤ ዴልማር አነዳዷን ሲተች ደረሱ። ከመንደሩ የቀረው ጥቂት የድንጋይ ግድግዳና ቁጥቋጦ ነው። ዴልማር በፍርስራሹ መሀል ረጅም ጊዜ ዞረ። ከዚያ ካሜራው ፊት ቆሞ፣ ነፋሱ ሸሚዙን እያርገበገበው፣ አያቱ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ሲቆፍር ቆይቶ ትቶት ወደ ሄደው ወንዝ መመለሱን በራሱ አንደበት ተናገረ። ሁለት ጊዜ አቋርጦ ከካሜራው ፊት ዞር አለ፤ ኔድራ ካሜራውን አላጠፋችውም።

አርቪላ በዚያው መጸው አረፈች። ልጆቿ ቅጂ ጠየቁ፤ የክሪስተንሰኖችም፤ የኋላ ኋላ የዴልማር ልጆችም ጠየቁ። ኔድራ የዴልማርን ቃል ጨምራ ፊልሙን እንደገና ሠራችው፤ በሚቀጥለው በዓልም እንደዚያው ታየ። ቬልዳ አልመጣችም። ኔድራ ሳህን ላይ ምግብ ሞልታ፣ ሸፍና፣ ደጃፏ ላይ አስቀምጣላት ሄደች። ከዚያ ካሜራውን መኪናዋ ላይ ጭና ከኮረብታው ማዶ ወዳለው አጥቢያ ነዳች፤ እዚያም ስለ ቤተ ጸሎታቸው ቃጠሎ ሁሉም ባንድ አፍ እንደሚናገሩ ሰምታ ነበር።