ከካፒቴኑ ጀርባ ያለው ወንበር

ቀመር ዘይነዲን ረዳት አብራሪ ሆኖ አየር መንገድ ሲቀጠር ጎባ ውስጥ ወሬውን ያልሰማ አልነበረም። አባቱ ሐጂ ዘይነዲን ከሪራ የሚመጣ ማር የሚሸጡባት ትንሽ ሱቅ ነበረቻቸው፤ ማር ሊገዛ የመጣ ሁሉ የልጃቸውን ነገር ሳይሰማ አይወጣም። የቀመር አውሮፕላን ጎባ በሚያርፍበት ቀን ሱቁን ዘግተው፣ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ሜዳው ዳር ይቆማሉ። ልጃቸው ወርዶ እጃቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል፣ ሰው እንዲያይላቸው እጃቸውን የሚዘረጉት ቀስ ብለው ነበር።

በኋላ ቀመር ወደ ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ተዛወረ። ናይሮቢና ካርቱም ይመላለስ ጀመር። ጎባን ለማየት እንደ ማንኛውም ሰው ተራ መጠበቅ፣ ወይም በአብራሪዎች ወግ ሌላውን መለመን ግድ ሆነበት።

ወጉ እንዲህ ነበር። የሌላ ድርጅት አውሮፕላን አንተ ወደምትፈልግበት የሚሄድ ከሆነ፣ ከካፒቴኑ ጀርባ ያለችውን ታጣፊ ወንበር መለመን ትችላለህ። ሰው አትልክም፤ ራስህ ሄደህ፣ ኮፍያህን አውልቀህ፣ ስምህንና መሥሪያ ቤትህን ተናግረህ ነው የምትጠይቀው። እምቢ ቢልህ አትቀየምም። እሺ ካለህ ስትገባም ስትወርድም ታመሰግናለህ። ምንም አትነካም፤ አስተያየት አትሰጥም። አውሮፕላኑ ሲነሳና ሲያርፍ ደግሞ አደጋ ካላየህ በቀር ትንፍሽ አትልም። ቀመር በዚህች ወንበር ብዙ ጊዜ ተሳፍሯል፤ ለብዙዎችም ተነስቶላቸዋል። ቋንቋና ባንዲራ ሳይለይ አንዱ አብራሪ ሌላውን ወደ ቤቱ ያደርሰው ነበር።

በ1977 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ እህቱ ጁሀራ ከጎባ ስልክ ደወለች። መስመሩ ይንጫጫል።

«አባ ሆስፒታል ገብቷል» አለችው። «ልቡ ነው። ሐኪሙ ቶሎ ይምጣ ብሏል። ዛሬ ና፤ ነገ አትበል።»

የዚያ ቀን የጎባ መንገደኛ በረራ አልነበረም። ቀመር ቦሌ ወደ ዕቃ ማራገፊያው ሲሮጥ አንድ ዳኮታ ጎባ አጠገብ ላለው የሲናና የመንግሥት እርሻ የትራክተር መለዋወጫ እየጫነ አገኘ። አውሮፕላኑ የአንድ ትንሽ የጭነት ድርጅት ነበር። ካፒቴኑ ኃይለመስቀል ይባላሉ፤ ከአየር ኃይል የወጡ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቃላቸው አጭር የሆነ ሰው ናቸው። ቀመር ኮፍያውን አወለቀ።

«ካፒቴን፣ ቀመር ዘይነዲን እባላለሁ። የአየር መንገድ ረዳት አብራሪ ነኝ። ፈቃድዎ ከሆነ ጎባ ድረስ ከጀርባዎ ልቀመጥ?»

«ምን አስቸኮለህ?»

«አባቴ ታሞብኝ ነው። በጠና።»

ካፒቴኑ አዩት። «እኔ የአባቴ ቀብር ላይ አልደረስኩም» አሉ። «አስመራ ነበርኩ። ግባ፣ አደርስሃለሁ።»

ቀመር ማመስገን እንደጀመረ አንድ ሰው መሰላሉ ላይ መንገዱን ዘጋበት። ጉሉማ የሚባል የበረራ ጠባቂ ነበር። በዚያ ዘመን አውሮፕላን እየጠለፉ መኮብለል በርትቶ ስለነበር፣ ጃኬቱ ሥር ሽጉጥ የያዘ ጠባቂ ከየበረራው ጋር ይሄዳል። ጉሉማ መታወቂያውን ተቀብሎ አገላበጠው።

«ትውልድ?»

«ጎባ።»

«ባሌ» አለ ጉሉማ፣ እንደ ጥያቄ አይደለም። «በሶማሌ ጦርነት ጊዜ የት ነበርክ ጓድ?»

«አዲስ አበባ፣ ትምህርት ላይ።»

«የሌላ መሥሪያ ቤት ሰው መሪው ሥር ለምን ይቀመጣል?»

«ሥራችን እንደዚያ ነው» አሉ ካፒቴኑ ከላይ። «እኔ ፈቅጃለሁ።»

ጉሉማ መታወቂያውን አልመለሰም፤ ኪሱ ከተተው። ሲነሱም ከበሩ ላይ፣ ልክ ከቀመር ትከሻ ኋላ ተቀመጠ። እስትንፋሱ ይሰማ ነበር።

አርሲን እስኪሻገሩ ሰማዩ ደህና ነበር። ረዳት አብራሪው ማሜ ብስኩት አውጥቶ ለእንግዳው አካፈለው። ቀመር ዓይኑ ብስኩቱ ላይ፣ ልቡ ግን ሆስፒታሉ ውስጥ ነበር። የዋቤ ሸለቆ በስተግራ እንዳለፈ ግን ደመናው ከፊታቸው እንደ ግድግዳ ቆመ። የጎባው የሬዲዮ ሠራተኛ ዝናብ መጀመሩን፣ የሜዳው ጫፍ አልፎ አልፎ ብቻ እንደሚታየው ነገራቸው።

ካፒቴኑ በአንዲት ቀዳዳ ዝቅ አሉ። የሲናና ስንዴ ለቅጽበት አረንጓዴ ሆኖ ታየና ደመናው ከደነው። ማሜ ከፍታ መለኪያውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብ ጀመር። ወረዱ፤ ገና ወረዱ። መስታወቱ ላይ ከዝናብ በቀር የሚታይ የለም። ካፒቴኑ በጥርሳቸው ፉጨት ቢጤ አሰሙና የሞተሩን ጉልበት ጨምረው ወደ ላይ ተመለሱ።

«ዕቃው እኮ ነገም ይደርሳል፣ ካፒቴን» አለ ማሜ ለስለስ አድርጎ።

«ዕቃው አዎ» አሉ ካፒቴኑ። ዞር ብለው ቀመርን አዩት። «አንዴ ደግሞ እንሞክራለን።»

ቀመር ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። ብቻቸውን ቢሆኑ ኖሮ እኚህ ሰው ይህን ጊዜ ተመልሰው ነበር። ሁለተኛ የሚወርዱት ለእሱ ብለው ነው። ሊናገር አፉን ከፈተና ዘጋው። እንግዳ ነው፤ የሰው ቤት ነው። ደግሞም መድረስ ይፈልግ ነበር። አባቱ ከዚያ ደመና ሥር ናቸው፤ ሜዳው ቢታይ በመኪና የአፍታ መንገድ ነው።

እንደገና ወደ ደመናው ገቡ። ነፋሱ ከሰሜን እየገፋ አውሮፕላኑን ያንገላታዋል። ማሜ ቁጥር ያነባል፤ ድምፁ ደርቋል። ቀመር በቀኝ በኩል ባለው መስኮት ሲያይ ደመናው ተቀደደና መሬት ታየው። ቅርብ ነበር። ድንጋይ፣ ግራጫ ሣር፣ በመካከሉ ደግሞ ረዣዥም፣ አናታቸው እንደ ጦር የሾለ ተክሎች፤ ጅብራ።

የጎባ አውሮፕላን በሚያርፍበት ሮቤ ሜዳ ላይ ጅብራ የለም። ጅብራ የሚበቅለው ሳነቴ ላይ፣ ከጎባ በላይ ባለው ብርዳም አምባ ነው። ነፋሱ ከመንገዳቸው አውጥቶ ተራራው ላይ አምጥቷቸዋል፤ እነሱ ደግሞ እየወረዱ ነው።

«ካፒቴን፣ ሳነቴ ላይ ነን!» ጮኸ ቀመር። «ተራራው ከሥራችን ነው! ወደ ግራ፣ ወደ ግራ ይዙሩ! ከፍ ይበሉ!»

ካፒቴኑ ለምን ብለው አልጠየቁም። መሪውን ወደ ግራ ሰበሩት፤ ማሜ ሞተሮቹን እስከ ጫፍ ገፋቸው። አውሮፕላኗ በክንፏ ተጋደመች። ከኋላ የታሰረው ብረት ተንኳኳ።

ቀመር ማጅራቱ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ተሰማው።

«እጅህን! እጅህን አሳየኝ!» ጉሉማ ነበር። «ግራ ወዴት ነው? ሶማሊያ ነው? ንገረኝ!»

ቀመር እጆቹን ወደ ጣሪያው አነሳ። የሽጉጡ አፈሙዝ በየንውጥውጥታው አንገቱን ይወጋዋል። ከንፈሩ የሙስሊም የመጨረሻ ቃል የሆነውን ሻሃዳ ይል ጀመር። በመስኮቱ ጅብራዎቹ ክንፉ ሥር ሲያልፉ፣ በዝናቡ ውስጥ አንድ በአንድ ይታዩት ነበር።

«ጓድ ጉሉማ» አሉ ካፒቴኑ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «መሣሪያህን መልስ። የማዞረው እኔ ነኝ።»

«ወዴት?»

«ተራራ ወደሌለበት።»

ሁለቱ ሞተሮች እያቃሰቱ ሽቅብ ወጡ፤ ግራጫው ነጣ፣ ነጩ አበራ፣ ድንገት ፀሐይ ፊታቸው ላይ ፈነጠቀ። ማሜ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። አፈሙዙ ከቀመር አንገት ተነሳ፤ ጉሉማ ግን አልተቀመጠም።

ካፒቴኑ የነዳጁን መለኪያ አዩ። «ትንሽ ከላይ ሆነን ብንጠብቅ ይገለጥ ይሆናል» አሉ። «ነዳጅ አለኝ። ላደርስህ ብያለሁ።»

ቀመር ወደ ታች አየ። ደመናው ከአድማስ እስከ አድማስ እንደ ጥጥ ተነጥፏል። አባቱ ከዚያ ሥር ናቸው።

«ካፒቴን፣ ለእኔ ብለው ከሆነ ይመለሱ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ይመለሱ። እባክዎ።»

ካፒቴኑ አውሮፕላኗን ወደ ቦሌ መለሱ።

ሲያርፉ ጉሉማ ቀመርን ክንዱን ይዞ ወደ ጥበቃ ቢሮ ወሰደው። እዚያ ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠው ነበር። ለምን ወደ ምሥራቅ ይዙሩ አልክ? ምሥራቅ አላልኩም፤ ግራ ነው ያልኩት። ጎባ ማን ይጠብቅህ ነበር? አባቴ። ሌላስ? ማንም። ጥያቄው ያልቅና እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። በዚያ ዓመት ከእንደዚህ ዓይነት ክፍል ገብተው ያልወጡ ሰዎች ቀመር ያውቅ ነበር። ላቡ ሸሚዙን አረጠበው። አንድ ጊዜ በሩ ሲከፈት ካፒቴን ኃይለመስቀልን ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አያቸው። ዩኒፎርማቸውን አላወለቁም። ቤትዎ ይሂዱ ቢሏቸው፣ «እንግዳዬን ይዤ እሄዳለሁ» ብለው እምቢ ብለዋል።

ያን ቀን አልለቀቁትም። በማግሥቱ ጉሉማን ጠሩት። ቀመር ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ፤ የእሱ ሕይወት በዚህ ሰው አፍ ላይ ነው።

ጉሉማ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔም በመስኮት አይቻለሁ» አለ። «መሬቱ ክንፋችን ሥር ነበር። ተክሉን አላውቀውም፤ ቅጠሉን ግን ልቆጥረው እችል ነበር። ይህ ሰው ባይጮህ አሁን አልቀን ነበር።» ከዚያ መታወቂያውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ካፒቴኑ ቀመርን በራሳቸው መኪና አውቶቡስ ተራ አደረሱት። ደመናው አሁንም ባሌ ላይ ተኝቶ ስለነበር መብረር የማይታሰብ ነው። በሻሸመኔ፣ በዶዶላ፣ በአዳባ አድርጎ፣ በየኬላው እየወረደ እየተፈተሸ፣ ዲንሾ ላይ በጭቃ የተያዘ አውቶቡስ ከሌሎች ጋር እየገፋ ጎባ ገባ። ከቤታቸው ደጅ ድንኳን ተተክሎ አየ።

ጁሀራ ወጥታ አቀፈችው። «ትናንት ቀበርነው» አለችው። «ኢንና ሊላሂ።»

ሰው ሲበተን ወንድምና እህት ብቻቸውን ቀሩ። ጁሀራ ዓይኗ አብጧል።

«አውሮፕላን ሰምተን ነበር» አለች። «ከደመናው በላይ ዞረ፣ ሄደ፣ ተመለሰ። በጣም ዝቅ ብሎ ሲያገሳ በሽተኛው ሁሉ ጣሪያውን ያይ ነበር። አባም ሰምቷል። እሱ ነው አለኝ።»

ቀመር ሊደብቃት አልፈለገም። «እኔ ነበርኩ። ካፒቴኑ እንደገና ሊሞክሩ ነበር። ይመለሱ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ጁሀራ።»

ጁሀራ እጇን ከእጁ አላቀቀች። እስክትናገር ድረስ ቀመር ከሽጉጡ አፈሙዝ በላይ ፈራት።

«ድምፁ ርቆ ሲጠፋ» አለች በመጨረሻ፣ «ወረደ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ተመለሰ አልኩት። አልሐምዱሊላህ አለ። ሁለት ጊዜ አለው። ከዚያ ውኃ ጠየቀኝ፤ አጠጣሁት። ሌላ አልተናገረም።» ከዚያ ፊቷን ትከሻው ላይ ጣለች፤ ሁለቱም እስከዚያ አብረው ያላለቀሱትን ለቅሶ ያኔ አለቀሱት።

ሰማዩ ሲገለጥ ዳኮታዋ የትራክተር ዕቃዋን ይዛ መጣች። ካፒቴን ኃይለመስቀል ከሜዳው በቀጥታ ወደ ድንኳኑ መጡ፤ ማሜና ጉሉማ ተከትለዋቸዋል። ጉሉማ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ዱዓ ሲያደርጉ ምን እንደሚደረግ ስላላወቀ እጁን እንደ እነሱ ዘረጋ። ሲወጣ ቀመርን በሁለት እጁ ጨበጠው። ካፒቴኑ ወንበሯ ባዶ መሆኗን፣ ሲመለሱ ሊወስዱት እንደሚችሉ ነገሩት። ቀመር አመስግኖ፣ ከእህቱ ጋር ሊቆይ መሆኑን ነገራቸው።

ከዓመታት በኋላ እሱም ካፒቴን ሆነ። ኮፍያውን አውልቆ የመጣን አብራሪ መልሶ አያውቅም፤ የየትኛውም ድርጅት ይሁን ከጀርባው ያስቀምጠዋል። ለምን እንደሚሄድ ግን አይጠይቅም። አንዳንዶች ኩራት ይመስላቸው ነበር። እሱ ግን አውሮፕላኑን አሳርፎ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቀበቶውን ከፈታ በኋላ ዞር ይልና፣ «አሁን ንገረኝ፣ ማን ይጠብቅሃል?» ይል ነበር።