እህል ያልቀመሰች ልጅ

የልጅ ልጄ የመክሰስ ዕቃ ክዳን በጉልበት ካልሆነ አይከፈትም። ትናንት ጠዋት ወልድያ፣ ልጄ ቤት፣ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ ስታገለው ድንገት "ጧ" አለና የበሰለ ፓፓያ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ሽታውን ታውቁታላችሁ፤ ግማሹ ማር፣ ግማሹ ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ያልታጠበ ካልሲ ነው። ከፓፓያው አጠገብ ቅርፊቱ የተላጠ የሽምብራ ንፍሮና የተቆራረጠ የተቀቀለ እንቁላል ነበር። ከእንቁላሉ አንዷን ቁራጭ ሳነሣ ልጄ ደረሰችብኝ።

"አባዬ! የልጅቷን መክሰስ!"

"እየመረመርኩላት ነው" አልኩ።

ልጄ ሰሞኑን ለሕፃናት ስለሚሆን ጤናማ መክሰስ ከስልኳ ላይ ታነባለች። ብስኩትና ለስላሳ ይቅር፣ ፍራፍሬው ተቆራርጦ ይሰጥ፣ ጠጣሩና ክቡ ይድቀቅ፣ ትንንሾቹን እንዳያንቃቸው። ሁሉም ልክ ነው። ክዳኑን እየዘጋች፣ "እኔስ ልጅ ሆኜ ምን ነበር የምበላው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"እምቢ ነበር የምትበይው።"

ሳቀች፣ ሳመችኝና ልጇን ይዛ ወጣች። ባጃጁ ደጅ ላይ ጡሩምባውን ይነፋ ስለነበር ታሪኩን ልነግራት አልቻልኩም። እናንተ ባጃጅ ካልቆመባችሁ ልንገራችሁ።

ያኔ መርሳ ከተማ ነበርን። እኔ በእርሻ መሥሪያ ቤት የምሠራ፣ ሪዜን በማበጠሪያ የማበጥር ወጣት ነበርኩ። ሪዝ ስል እያጋነንኩ ነው፤ ከማበጠሪያው ጥርስ ከሪዜ ፀጉር የትኛው እንደሚበዛ አላውቅም። ሥራዬ ለገበሬው የፓፓያና የማንጎ ችግኝ ማደል፣ ማደል ብቻም ሳይሆን በየቀበሌው እየዞርኩ ጥቅሙን ማስረዳት ነበር። "ለልጆቻችሁ ዓይንና ደም ይበጃል" እላለሁ፣ ጣቴን ቀስሬ። ገበሬው ይሰማኛል፣ ችግኙን ይወስዳል፣ ጣቴን ግን አይወድልኝም።

ባለቤቴ ትምህርቷን ያቋረጠችው እኔን ስታገባ ነው። "ተጋብተን ትቀጥያለሽ" ብያት ነበር፤ ከትምህርቱ በፊት ልጅ መጣ። ልጃችን ጡት በተወች ማግሥት ወልድያ ለአስተማሪነት ሥልጠና ስሟ ወጣ። ደስታዋን ያየ ሰው ሂጂ ከማለት ሌላ ቃል አይወጣውም። ልጅቷ ግን ገና ሁለት ዓመት አልደፈነችም። ስለዚህ ተስማማን፤ ሳምንቱን ወልድያ ትውላለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እኛ ትመጣለች። አውቶቡስ ላይ ስትወጣ ዞር ብላ፣ "ልጄ ከተጎዳች ግን ያን ቀን ጥዬው ነው የምመጣው" አለችኝ። ጥላው ከመጣች ቦታዋን የሚጠብቁ ሞልተዋል፤ ሁለተኛ ዕድል አልነበረም። ሁለታችንም እናውቀዋለን።

ቀን ቀን ልጅቷን የሚይዙልን ከአጥር ወዲያ ያሉት ጎረቤታችን ነበሩ። ባላቸው ሐራ ገበያ ማሽላና ፍየል ይነግዳሉ፤ ቤታቸው በልጅ የተሞላ ነው። "አምጣት፤ በነዚህ መሐል አንድ ብትጨመር ማን ይለያታል?" አሉኝ። እሳቸው ሙስሊም፣ እኛ ክርስቲያን ነን። በእኛ አገር ለቅሶው፣ ሠርጉ፣ ደቦው አንድ ላይ ነው፤ ሥጋው ብቻ ለየብቻ ነው። ምሳቸው ሥጋ ያለበት ቀን ለእኔ ልጅ ለብቻዋ በትንሽ ድስት ሽሮ ይሠሩላት ነበር። "የሰው ልጅ አማና ነው፣ አደራ ነው" ይሉኛል።

ችግሩ ልጅቷ ሽሮውን ዞር ብላ አታየውም።

ማታ ከሥራ ስመለስ አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ እጠይቃለሁ፦ "እትዬ፣ ዛሬስ እህል ቀመሰች?"

"ወላሂ አልቀመሰችም! እንጀራውን ባቀርብላት ፊቷን አዞረችብኝ። ምን እንደማበጃት ያረቢ!"

ቤት ወስጄ እኔ እሞክራለሁ። እንጀራውን አለስልሼ በትንንሹ እጠቀልላለሁ። ዘፈንኩላት። እስክስታ ወረድኩላት፤ ትከሻዬ ከአንገቴ ጋር ተጣልቶ ለቀናት አልታረቀኝም። እሷ አጨበጨበችልኝ፣ አፏን ግን ገጠመች። ከሱቅ ብስኩት ገዛሁ፤ ክሬሙን ልሳ ብስኩቱን ለዶሮ ሰጠች። አንድ ቀን ተስፋ ቆርጬ ከኪሴ ቆሎ አውጥቼ ሳጎርሳት ጎረቤታችን በአጥሩ ክፍተት አይተውኝ እየጮሁ መጡ። "አንተ ሰው! ጥርሷ ሳይሞላ በቆሎ ልታንቃት ነው?" ብለው በጣታቸው ከአፏ ጠረጉት። ቆሎውን ወደ ኪሴ መለስኩት፤ ያኔ እንኳ የማይጠፋኝ ቁጠባ ነበር።

ሁለት ቅዳሜ ባለቤቴ መጥታ ሄደች። ስትመጣ ልጅቷ እሷ ላይ ተጣብቃ ስለምትውል ምንም አይታወቅም። በሦስተኛው ሳምንት አጋማሽ ፍርሃቱ በረታብኝ። ልጅቷ አልከሳችም፤ እኔ ግን ውስጥ ውስጡን እየከሳች ነው ብዬ አመንኩ። እህል ያልቀመሰ ሰው በምን ተአምር ይቆማል? ስልክ በየኪሱ ባልነበረበት ዘመን መልእክት በአውቶቡስ ረዳት ነው የሚላከው። ወደ ወልድያ የሚሄደውን ረዳት ያዝኩና፣ "ልጅቷ እህል እምቢ ብላለች በላት" አልኩት። ረዳቱ ታማኝ ነበረ። ቃል ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ አደረሰ።

በማግሥቱ ጭንቀቱ አላሠራኝ ብሎ ገና ከቀትር በኋላ ከሥራ ስመለስ ባለቤቴ የጎረቤታችን አጥር በር ላይ ቆማለች። ፍራሿ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ እግሯ ሥር ተቀምጧል። ጥቅልሉን ሳይ ጥላው እንደመጣች ገባኝ። ልናገር ስል ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገችና በአገጯ ወደ ውስጥ አሳየችኝ።

ግቢው ውስጥ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር፣ ምንጣፍ ተነጥፏል። ጎረቤታችን የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ ሰግደው ከተነሡ በኋላ በየቀኑ ለልጆቹ የሚያደርጉት ነገር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን በሥራ ሰዓት ስለሆነ ዓይኔ አላየውም ነበር። ልጆቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ መሐላቸው ሰፊ ትሪ አለ። ትልልቆቹ ጥንቅሽ ይልጣሉ፣ ጭማቂውን ይመጥጣሉ፣ ልጣጩ ሲሰነጠቅ "ጠሽ፣ ጠሽ" ይላል። ለትንንሾቹ ሽምብራው በደንብ ተቀቅሎ፣ ገለባው ተገፎ፣ በጣት ተጨፍልቋል። እንፋሎቱ ያልወጣለት ስኳር ድንች አለ። ፓፓያ አለ፤ እኔ ራሴ ካደልኩት ችግኝ የበቀለ ፓፓያ! እርጎ በቆርቆሮ ኩባያ ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል።

የእኔ ልጅ መሐል ላይ ናት። የፓፓያው ውሃ በክርኗ ይንጠባጠባል። አንዱን ሳትውጥ ሌላውን ትይዛለች፤ ኩባያው ሲያልፋት ትጮኻለች፤ የጎኗን ልጅ እንቁላል ነጥቃ አፏ ከተተች፣ ባለእንቁላሉም ለምዶታል መሰለኝ ሌላ አነሣ።

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። "እህል እምቢ ያለችው ይህች ናት?"

"እሷ ናት።"

"አሁን ታዲያ ምን እያደረገች ነው?"

አየሁ፣ አሰብኩ፣ በቅን ልቦና መለስኩ፦ "ይሄ እኮ መክሰስ ነው።"

ጎረቤታችን ድምፃችንን ሰምተው ቀና አሉ። "አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን መጣሽ! ኧረ ይህች ልጅሽ ልትገድለን ነው! እህል የሚባል ነገር ባፏ አይዞርም እኮ!" ይህን ሲሉ እጃቸው የልጄ አፍ ውስጥ ነበር፤ ስኳር ድንች እያጎረሷት።

"እትዬ፣ ይሄ የሚያጎርሷት ነገር ምንድን ነው?"

"ይሄማ ማባበያ ነው፣ የኔ ዓለም። ይሄም እህል ይባላል?"

ባለቤቴ ጥቅልሉ ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ስትስቅ ነው። ከዚያ እውነትም ትንሽ አለቀሰች። ሴትዮዋም ነገሩ ሲገባቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "ወይኔ ጉዴ! ይሄን ሁሉ ቀን አልቀመሰችም እያልኩ በሐሰት እየማልኩ ኖሯል!" አሉ። በእኛ ዘንድ እንጀራ ካልሆነ አልተበላም። ሰው ቀኑን ሙሉ ማንጎ ሲግጥ፣ እሸት ሲያሻ ይውልና ማታ፣ "እህል ሳልቀምስ ዋልኩ" ይላል፤ አልዋሸም፣ ቆጠራው እንዲያ ነው።

ባለቤቴ ልጅቷን ብድግ አድርጋ ወገቧ ላይ አስቀመጠቻት። "እሰይ፣ ወገቤን ሰበረችኝ" አለች። ከዚያ ወደ እኔ፦ "ፓፓያ ትከሉ፣ ለልጆቻችሁ ይበጃል እያልክ አገሩን አልነበር የምትዞረው? ቤትህ ሲደርስ ነው ምግብነቱ የሚቀረው?"

"ያ በሥራ ሰዓት የምለው ነው" አልኳት። ከዚህ የተሻለ መልስ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ራት ላይ ግን ነገሩ እንደገና ጨለመ። ባለቤቴ እንጀራ አቀረበችላት፤ ልጅቷ ፊቷን አዞረች። አይቶ ማመን ያቅታል። ቀን የሳቅነው ነገር በራት ሰዓት አላሳቀንም። ጥቅልሉ በሩ ሥር እንደታሰረ ነው። አልፈታችውም፣ እኔም አልጠየቅኋት። ሂጂ ብላት በእናት አንጀት የጨከንኩ ሊመስል ነው፤ ቆዪ ብላት ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ትምህርቷን ያስጣልኳት እኔው ልሆን ነው። እኔ ወሬ የማያልቅብኝ ሰውዬ፣ ያን ምሽት ስለ ዝናቡ እንኳ አላወራሁም።

ጠዋት ልጅቷን አጠበቻት፣ ነጠላዋን ለበሰች፣ በሩ ላይ ቆመችና፣ "ምን ትጠብቃለህ? ጥቅልሉን ተሸከም እንጂ" አለችኝ።

"ወዴት?"

"የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሳይገባ ልድረስ። የትናንቱን ታሞብኝ ነው እላቸዋለሁ።"

"ማን ታሞ?"

"አባትዬው።"

አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ብርቱካን ሻጮች ዘንቢላቸውን በጭንቅላታቸው ይዘው መስኮቱን ከበዋል። ያው ታማኙ ረዳት ፍራሹን እንደገና ጣሪያ ላይ ሲወረውር፣ "ይሄ ፍራሽ ከእኔ በላይ መንገደኛ ሆነ!" አለና ሰው አሳቀብን። ባለቤቴ በመስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ልጅቷ ከእቅፌ ሆና እጇን ትዘረጋለች። ባለቤቴ ዓይኗን ከልጅቷ ሳትነቅል፣ ሌሊቱን ስታስበው ያደረች በሚመስል ድምፅ፣ "ከአሁን በኋላ እህል ቀመሰች ወይ ብለህ አትጠይቅ፤ ምን በላች ብለህ ጠይቅ" አለችኝ።

"እሺ።"

ከዚያ እኔን አየችኝ። መጥታ ካደረች ጀምሮ ገና ያን ጊዜ በቅጡ ማየቷ መሰለኝ።

"አንተስ?"

"እኔ ምን?"

"አንተስ ምን በላህ? ቀበቶህን አይተኸዋል?"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የቀበቶዬ ጫፍ እንደ ውሻ ምላስ ተንጠልጥሏል። ለካ ልጅቷ ፊቷን ባዞረች ቁጥር የእኔም ጉሮሮ አብሮ ተዘግቶ ኖሯል። የከሳው ተገኘ።

ባለቤቴ ከአንዷ ሻጭ ብርቱካን ገዛች። ላጠችው፣ ፍሬውን በጥፍሯ አወጣች፣ አንዱን ክፋይ ቆርሳ ለልጅቷ ሰጠች፣ የቀረውን እንዳለ ይዛ እጇን በመስኮቱ ወደ እኔ አወጣች።

"አፍህን ክፈት።"

"ሰው ያያል።"

"ይይ።"

ከፈትኩ። አጎረሰችኝ። ሻጮቹ እልል አሉ፤ ኋላ ወንበር ያሉ አንድ ሽማግሌ፣ "ትልቁም ሕፃን ነው ለካ!" ሲሉ ሰማሁ። አውቶቡሱ ተነሣ። ደህና ሁኚ ልላት ነበር፣ አፌ አልመች አለኝ።

ሥልጠናዋን ጨርሳ መርሳም ወልድያም አስተምራለች። ዛሬ ገበያ ስወጣ ፂም ያበቀሉ ሰዎች ያስቆሙኝና፣ "ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው" ይሉኛል። ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። ከሁሉ የሚመጣብኝ ግን ያ ጠዋት ነው። ልጅቷን ታቅፌ አውቶቡሱ በወልድያው መንገድ ታጥፎ አቧራው ብቻ እስኪቀር ቆሜ ነበር፤ ብርቱካኑን ግን አልዋጥኩትም። ከዋጥኩት የሄደች መስሎኝ።