ባዶውን የማይመለስ ጣሳ

ሆዶ ጅግጅጋ ውስጥ ሐልዋ መሥራት የጀመረችው በእናቷ ድስት ነው። ዛሬ አራት ሠራተኞችና የሰው ቁመት የሚያህል ማማሰያ አላት። ስኳሩ፣ ስታርቹና ንጥር ቅቤው አብረው መንተክተክ ሲጀምሩ፣ ሄሉም ሲጨመር፣ ጎረቤቷ ባለሱቁ ተክለማርያም ሳይጠራ ይመጣል። "ለመቅመስ ያህል ነው" ይላል። ሦስተኛውን ቁራጭ ሲያነሳም እንደዚያው ይላል።

ኅዳር 2014 ላይ ከሀርሺን አንድ የቆዩ ደንበኛ መጡ። ፍየል አርቢ ናቸው፤ ሆዶ "አዴር ዴቅ" ትላቸዋለች፣ አጎቴ ዴቅ ማለቷ ነው። ከኪሳቸው የተጨማደደ ፌስታል አውጥተው ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩ። የሆዶ ስም በቀይ ታትሞበታል።

"ከፍየሌ ሆድ ውስጥ የወጣ ነው" አሉ። "ሐልዋሽን እንወደዋለን። ፍየሎቻችንም ወደውት ሞቱ። በዚህ እየጠቀለልሽ ከሆነ ከእንግዲህ ሀርሺን አይገዛሽም።"

ከሐልዋዋ ግማሹ የሚሸጠው ሀርሺን ነው፤ ሌላውን የጅግጅጋ ሰው በየራሱ ሳህን ይወስደዋል።

ሆዶ አላለቀሰችም፤ ሚዛን አመጣች። ሦስት ቀን ሙሉ የምትጥለውን ሁሉ መዘነች። ነገሩ መጣፈጥ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው! ፌስታሉ ክብደት የለውም፤ ከባዱ ሐልዋው ራሱ ሆኖ ተገኘ። ክብ ትሪ ላይ የረጋውን በአራት ማዕዘን ስትቆርጠው ዳር ዳሩ ይተርፋል፤ ፌስታል ላይ ተጣብቆ የሚቀረውም ቀላል አይደለም። ታዲያ ትኩሱን በቀጥታ ክዳን ባለው ጣሳ ብትገለብጠውስ? የሚቆረጥ የለ፣ የሚተርፍ የለ፣ ፌስታልም የለ። ጣሳው ይመለሳል፣ ይታጠባል፣ እንደገና ይሞላል። ያላትን ጥሪት አራግፋ ሁለት መቶ ጣሳ አሠራች።

በዚህ የተከፋ አንድ ሰው ብቻ ነው። የተክለማርያም "ቅምሻ" የሚገኘው ከዚያ ከዳር ዳሩ ላይ ነበር።

"መያዣ አስይዣቸው እንጂ!" አላት አኩርፎ።

"ሰውን ከወዲሁ ሌባ ልበለው?"

"እንግዲያው ጣሳሽን ተሰናበቺው። አንድ እንኳ ከተመለሰ ውስጡ ያለውን እበላለሁ!"

"በልና ማል።"

"ማርያምን!"

አንድ ወር አለፈ። አንድም አልተመለሰም። መጋዘኗ ውስጥ አሥራ አንድ ጣሳ ብቻ ሲቀር ተክለማርያም በየጠዋቱ "ዛሬ ምን በላሁ?" እያለ ማለፍ ጀመረ። ወደ ፌስታል ብትመለስ ሀርሺን አበቃ። የካቲት ላይ አይሱዙ ተሳፍራ ወደዚያው ሄደች።

አዴር ዴቅ ቤት ጣሳዎቹ ታጥበው፣ እያብረቀረቁ፣ በሰልፍ ተደፍተዋል።

"አዴር፣ ታዲያ ምነው ሳትልኩልኝ?"

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። "ሰው ጣፋጭ ሞልቶ የሰጠሽን ዕቃ አንቺ ባዶውን ትመልሻለሽ? እናትሽ እንደዚያ ነው ያሳደገችሽ? ወተት ልንሞላው ነበር። በዚህ ድርቅ ግመሎቹ ነጠፉ። ዝናብ እየጠበቅን ነው። ጎረቤቶቼም እንደኔው።"

ሆዶ ሁሉን መዝናለች፤ ጨዋነትን ግን አልመዘነችም። ቀና ስትል ከቤቱ ጀርባ ያለው እሾህ ሁሉ ፌስታል አብቅሎ በነፋስ ይርገበገባል።

"እሱን ሙሉልኝ" አለች በጣቷ እያሳየች።

"ቆሻሻ በስጦታ?"

"ፍየሎቻችሁ ከሚበሉት እኔ ብወስደው አይሻልም? ጣሳውን እኔ በፈላ ውሃ እቀቅለዋለሁ።"

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። "ይሁን። ዝናብ ሲጥል ግን በወተት ነው፣ እንዳትከራከሪኝ!"

በሳምንቱ አይሱዙው ሆዶ በር ላይ ቆመ። መቶ ሰማንያ ሁለት ጣሳ፣ ክብደት ባይኖራቸውም ሁሉም ሙሉ። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ተክለማርያም ነው።

"ቅቤ ልከውልሻል! መሐላዬን አልረሳሁም፣ እበላለሁ!" ብሎ አንዱን ከፈተ። እጁን ሰዶ የመዘዘው ሰማያዊ ፌስታል ነው። ዘረጋው። የገዛ ሱቁ ስም ታትሞበታል።

ሆዶ በርጩማ ሳበችለት።

"ተክሌ፣ ሚጥሚጣ ላምጣልህ?"