አዝራሩና የተምሩ ፍሬ

ባለፈው ሳምንት የሟች ባለቤቴን የመርፌና የክር ቆርቆሮ ስከፍት አንድ ቡናማ አዝራር አገኘሁ፤ ጠርዙ የተሸረፈ፣ ባለ አራት ቀዳዳ። ገና ሳልነካው እርጥብ አፈር ሸተተኝ።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ፣ ዐረብኛን ጣዕሚያ የሚሉት የባቄላ ጥብስ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ለቃቅሜ የተማርኩ ሰው ነኝ። በስደት በምኖርበት ቡሪ ሰፈር ዛሬም ወረቀት የሚያነብለት ያጣ ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣል። ሰው ሥራውን ይመርጣል ወይስ ተጽፎለታል በሚለው ነገር አንድ ሼኽ ተከራክሮኝ መልስ አሳጥቼዋለሁ። ይህን የምነግርህ ሞኝ እንዳልነበርኩ እንድታውቅ ነው።

በወጣትነቴ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ማዮ ከሚባለው የድሆች ሰፈራችን እየተነሣን የመጸዳጃ ጉድጓድ እንቆፍር ነበር። አንዱ ይወርዳል፤ ሌላው ከላይ ሆኖ አፈሩን በባልዲ ይስባል። ማን እንደሚወርድ በየጠዋቱ እንደ አገራችን ዕጣ እንጣጣላለን፦ ሁለታችንም ምልክታችንን ኮፍያ ውስጥ እንጥልና፣ የትኛው የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው አንዱን ያወጣል። የወጣበት ይወርዳል።

ያን ቀን እዚያው ከተማ፣ ሪያድ በሚሉት የሀብታሞች ሰፈር፣ አንድ ቪላ ግቢ ውስጥ ነበርን። ሲዘንብ አድሮ የጉድጓዱ ግድግዳ ተሰነጣጥቋል። ዕጣ የምታወጣልን የቤቱ ሠራተኛ፣ የወሎ ልጅ ነበረች። ከሁለት ቀን በፊት የሸሚዜን አዝራሮች የተከለችልኝ እሷ ናት። ጓደኛዬ ተምር በልቶ ፍሬውን ኮፍያው ውስጥ ጣለ። እኔ ከደረቴ ላይ አንድ አዝራር በጥሼ ጣልኩ።

"ጌታው፣ ዛሬ ቢወጣብህ እታች ሆነህ ጋዜጣ ታነብልናለህ!" አለኝ ጓደኛዬ እየሳቀ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣ "ያላ፣ እህታለም፣ አውጪ!"

ዓይኗን ጨፍና እጇን ከተተች። በጣቶቿ ዳበሰች። የተምሩን ፍሬ አወጣች።

"ኸላስ፣ የኔ ነው" ብሎ ጫማውን አወለቀና ወረደ።

ሦስተኛውን ባልዲ ስስብ ድምፅ ሰማሁ። ትልቅ ድምፅ አልነበረም፤ ጆንያ ከትከሻ ሲወርድ እንደሚሰማው ያለ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳይ ጉድጓዱ እስከ ግማሹ በአፈር ሞልቷል። ስናወጣው አልፎ ነበር። አላለቀስኩም። ኮፍያው ውስጥ የቀረውን አዝራር ማን እንዳነሣው አልጠየቅኩም።

ማዮ ለቅሶ የመጣው ሁሉ "መክቱብ ነው፣ ተጽፎለት ነው" አለ። ለእናቱ ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እንደ እኔ የሚጽፍ አልነበረም። "ዕጣው በእሱ ወጣ" ብዬ ጻፍኩ። ውሸት የለበትም።

ያችን ልጅ አገባኋት። ስለዚያ ቀን ሳንነጋገር አረጀን። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ታማ ከመተኛቷ በፊት፣ ሸሚዜን ስትጠግንልኝ፣ "ያን ጊዜ አውቀሽ ነው ያወጣሽው?" አልኳት።

ቀና ሳትል፣ "አንተዬ፣ ግቢው ጠጠር ሞልቶት አልነበረም? እኔ የተከልኩትን አዝራር ለምን በጠስክ?" አለችኝ።

ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ሸሚዙን ሰጠችኝ። ለበስኩት። ሼኹን መልስ ያሳጣሁት ሰውዬ አዝራሮቹን አንድ በአንድ ቆለፍኩ።

አሁን አዝራሩ መዳፌ ላይ ነው። ያኔ ስበጥሰው በቀዳዳው የቀረው ክር ዛሬም አልወጣም። የእሷ ስፌት ነው።