መርዶ አንባቢዋ እኅቴና የሐይቁ ዓሣ

የምስራች! «ምስር ብዪ» በሉኝና ልቀጥል። የከተማችን ዓሣ አጥማጆች ከዛሬ ጀምሮ ለሁለት ወር ከሐይቁ ሸምበቆ ዳር መረብ ላይጥሉ ተስማሙ! ይህን ያመጣው ማን እንደሆነ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ታላቅ እኅቴ ናት።

እትዬ በከተማችን ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሞት ማስታወቂያ አንብባለች፤ ግድግዳው ስፖንጅ በተለጠፈበት፣ ከአንድ ጠረጴዛና ከአንድ ወንበር ሌላ በማይገባበት ክፍል። ድምጿ ማር ነው፤ ግን ምን ዋጋ አለው? «እንደምን አደራችሁ» ስትል ከተማው ክው ይላል። የወጣላት ስም «መርዶ» ነው። ሱቅ ገብታ ክብሪት ስትጠይቅ እንኳ ባለሱቁ «ደግሞ ማን ሞተ?» ይላታል። እዚያ ትስቃለች፤ ቤት ስትገባ ግን አትስቅም። አንድ ቀን ቀሚስ እየለካኋት «ድምፄን ሰምቶ ደስ የሚለው አንድ ሰው ቢኖር ምናለ?» አለችኝ።

ታዲያ የዓሦቹ መራቢያ ወቅት ሲቃረብ፣ የሐይቁ ጥበቃ ቢሮ «እንቁላል በሚጥሉበት ሸምበቆ ዳር መረብ አይጣል» የሚል ማስታወቂያ ላከ። እትዬ «እኔ ላንብበው» ብላ ለመነች። የጣቢያው ኃላፊ «አንድ ወር እሰጥሻለሁ» አላት። «ሰሚ ካጣ ሰዓቱ ለሳሙና ማስታወቂያ ነው። አንቺም ወደ መርዶሽ!»

ጽሑፉ «የሚመለከታቸው ባለድርሻ አካላት» እያለ የሚንዛዛ ነው። ሦስት ሳምንት አነበበችው፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ጢሞ የሚሉት የአጥማጆቹ አለቃማ «እነዚህ ባለድርሻዎች ከተገኙ የእኔን ድርሻ ላኩልኝ» እያለ ያሾፍ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ሲጨንቃት፣ እትዬ ወደምታውቀው ሙያ ሄደች፤ ማስታወቂያውን እንደ መርዶ ጻፈችው። «ነፍሰ ጡር እናት ዛሬ ማለዳ ሐይቁ ውስጥ በመረብ ተይዘው ሕይወታቸው አልፏል» ብላ ጀመረች። ቀጥላ እናቲቱ ዓሣ እንደነበረች፣ በሆዷም በሺህ የሚቆጠር እንቁላል እንደያዘች ተናግራለች። ግን ማን ይስማት! በዚያ ድምፅ «ነፍሰ ጡር» እና «ሐይቅ» ከተባለ ወዲያ፣ ከተማው የጫማውን ማሰሪያ ሳያስር ወደ ውሃው ፈርጥጧል። ከሁሉም ፊት ጢሞ ነበር፤ ልጁ የስምንት ወር እርጉዝ ናትና።

እትዬ ወሬውን ሰምታ እየሮጠች ስትደርስ፣ ጢሞ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ልጁን ይጣራል። ልጅቱ ዳር ቆማ «አባዬ፣ ኧረ እዚህ ነኝ!» ትላለች።

«አንቺ ሴትዮ!» አላት እየተንቀጠቀጠ ሲወጣ። «ልቤን ልታቆሚው ነበር እኮ!»

«አጥፍቻለሁ ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ።»

«ለዓሣ ብለሽ ሰው ትጨርሺ?»

«ሦስት ሳምንት በደህና ቋንቋ ስነግርህ መቼ ሰማኸኝ?»

«እሱማ ለአንቺም አልገባሽም!»

ሰው ሳቀ። እሷም አላስቻላትም። «እሺ፣ አንተ ብትሆን ምን ትል ነበር?»

ጢሞ ሱሪውን እየጨመቀ አሰበ። «‹ጎረቤቴ፣ እንቁላል የያዘችውን ካጠመድክ የከርሞ ምሳህን ዛሬ በላኸው› እል ነበር።»

«በል ጣቢያ መጥተህ እንዲሁ በላቸው።»

ኃላፊው እትዬን ለሳምንት ከሥራ አገዳት። ይገባታል፤ እሷም አልተከራከረችም። ስትመለስ ጢሞ ጢሙን አበጥሮ፣ ወንበር ከቤቱ ተሸክሞ አብሯት ገባ። «ሌላ አንድ ወር፤ እሱም ለጢሞ ስል» አለ ኃላፊው። ከዚያ ወዲህ ማስታወቂያው የሁለት ሰው ጨዋታ ሆነ፤ እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ ይመልሳል። «ጠባብ መረብ የምትጥለው ሰውዬ፣ መረብህን ታወጣለህ ወይስ ስምህን ላውጣ?» ሲል ሰው በሳቅ ይሞታል። በማግስቱ ግን መረቡ የለም።

ዛሬ ጠዋት አጥማጆቹ ጣቢያው ድረስ መጥተው ስምምነታቸውን በራሳቸው አንደበት ተናገሩ። ኃላፊውም ሰዓቱን ለእትዬ አጸደቀላት፤ መርዶውን ከእንግዲህ ሌላ ሰው ያነባል። ስትመለስ አውቶቡስ ላይ «ወራጅ አለ!» ብትል፣ የማታውቃት ሴት ዘወር ብላ «ውይ፣ የዓሣዋ ሴትዮ!» ብላ አቀፈቻት። ይህን ስትነግረኝ እያለቀሰች ነበር፤ እኔም አብሬ ተነፋረቅሁ።

እናታችን ግን ልጇ መርዶ ማንበብ ከጀመረች አንስቶ ሬዲዮ ከፍታ ስለማታውቅ እስካሁን አልሰማችም። በሉ፣ የስፌት መኪናዬን ልሸፍንና ልሩጥ፤ ጎረቤት ሳይቀድመኝ!