ለቀጠሮ ብለን የዘጋነው ቤት

ልንሄድ በዋዜማው ምሽት ጎረቤት ሁሉ እኛ ቤት ነበር። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ ማንጎው ሥር አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ፣ አንዱ ዳቦ፣ አንዱ የተጠበሰ አሳ ይዞ መጥቶ፣ ደስታ ይሁን ለቅሶ ሳይለይ አመሸን። ባለቤቴ ጽጌ ከሁላችንም በላይ ደስ ብሏት ነበር። እንግዳ ትወዳለች። አንዱን ሰው ደጋግማ "ብላ እንጂ፣ ምነው አፈርክ?" እያለች ስትዞር ቆይታ ወደ እኔ ጠጋ አለችና በጆሮዬ፣ "ተካ፣ ማን ሊሄድ ነው?" አለችኝ።

"እኛ ነን" አልኳት።

"ወዴት?"

"አዲስ አበባ። ሐኪም ጋ።"

"ማን ታሞ?"

ምን ልበላት? "እኔን ትንሽ አሞኝ ነው" አልኳት። ከልቧ አዘነችልኝ። ጎረቤታችን ማርታን ጠርታ፣ "ተካ አሞታል እኮ፣ ለምን አልነገርሽኝም?" ብላ ተቆጣቻት። ማርታ የቤቱን ቁልፍ ከእጄ ተቀብላ ወደ ጓዳ ገባች። ስታለቅስ እንዳናያት ነው።

ይህን ስደት ብዬ ብጠራው ሳቃችሁ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ባሕር አልተሻገርኩም፣ ፓስፖርት አላወጣሁም። ግን ዕድሜ ልኩን የሲቀላን የውሃ ቧንቧ ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው፣ ሚስቱን ይዞ፣ ቤቱን ዘግቶ፣ ማንም ስሙን በማያውቅበት ሰፈር አንዲት ክፍል ከተከራየ ምን ትሉታላችሁ? የጽጌ መርሳት የጀመረው ድስት እሳት ላይ በመተው ነበር። ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑን መንገድ፣ ከዚያ የእህቷን ሞት ረሳች፤ መርዶውን በየሳምንቱ እንደ አዲስ መንገር ሲሰለቸኝ "ደህና ናት" ማለት ጀመርኩ። እኛን ለዓመታት ሲያክመን የኖረው ሐኪም ዮሐንስ እሱም ጡረታ ወጥቶ ልጆቹ ዘንድ ሄዷል። የተተካው ልጅ ጥሩ ልጅ ነው፤ "ይህ የነርቭ ስፔሻሊስት ይፈልጋል፣ ሪፈር ልጻፍላችሁ" አለን። ወረቀቱን ሲሰጠኝ "ቀጠሮው ይርቃል፣ እዚያው አካባቢ ብትቀመጡ ሰው ሲቀር ሊያስገቧችሁ ይችላሉ" ብሎ መከረኝ። ልጅ አልወለድንም፤ የምንጠይቀውም የሚከለክለንም ሰው የለ። ሄድን።

አውቶቡሱ ጎህ ሳይቀድ ተነሳ። ጽጌ እስከ ሶዶ ድረስ እጄን ይዛ ተኛች። ሆሳዕና ለምሳ ስንወርድ ግን ነጠላዋን አስተካክላ፣ "በል እንመለስ፣ ዶሮዎቹን አላስገባሁም" አለች። ዶሮ ካረባን ስንት ዘመናችን! ረዳቱ "ማዘር፣ ቶሎ በሉ!" እያለ ይጮሃል፣ እሷ ወደመጣንበት መንገድ ፊቷን አዙራ ትሄዳለች፣ እኔ በአንድ እጄ ጥብስ የተጠቀለለበት እንጀራ ይዤ እከተላታለሁ። ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ያየን ነበር። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ ያፈርኩት ደግሞ በማፈሬ ነው።

ቤት ያገኘነው ጉለሌ፣ ዊንጌት ከታክሲ ተራው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። አከራያችን ወይዘሮ በላይነሽ በስልክ በኦሮምኛ እየሳቀች ለእኛ በአማርኛ የምትቆጣ ሴት ናት። ገና ሰላም ሳንባባል፣ "ለስንት ቀጠሮ ነው የሚቆዩት?" አለችኝ።

"ማለት?"

"እኔ ግቢ ሰው በወር አይደለም የሚቆየው፣ በቀጠሮ ነው። የስብራት ሰው ቶሎ ይወጣል። የኩላሊት ሰው ይከርማል። የእናንተ ምንድን ነው?"

"የመርሳት ነው።"

አሰብ አደረገች። "እሱ ገና አልገጠመኝም" አለች። "ይጮሃሉ?"

"ኧረ አትጮህም። እንዲያውም ሰላምታ ነው የምታበዛው።"

"እሳትስ?"

"የማበስለው እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ይግቡ። ሲሊንደሩን ግን ይዝጉ፤ ቤቴ እንዲቃጠልብኝ አልፈልግም።"

የጉለሌን ብርድ እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? ከእንጦጦ በኩል ይወርድና ማታ ማታ ከብርድ ልብሱ ሥር ገብቶ ይተኛል። እኛ አገር ጥላ ፍለጋ ወንበር ይዘን የምንዞር ሰዎች፣ እዚህ ግድግዳ ላይ ያረፈች ፀሐይ ተከትለን ግቢውን እንዞራለን። ማንጎ አለ፤ ግን ሳይበስል ተቀጥፎ መንገድ ላይ የበሰለ ነው፣ ጽጌ ቀምሳ "ይሄ ድንች ነው" ብላ መለሰችልኝ። ሰዉ ክፉ አይደለም። ይቸኩላል ብቻ። ሰላም ስትለው ሄዶ ሄዶ ነው የሚመልስልህ።

ሪፈር ወደተጻፈልን ሆስፒታል ሄድን። ስሙን አልጠራም፤ እዚያ ያሉት ሰዎችም ከእኛ ባላነሰ የደከሙ ናቸው። ረጅም ሰልፍ ጠብቀን መስኮቷ ላይ ስንደርስ አንዲት ልጅ ኮምፒውተሯን አየችና፣ "የነርቭ ስፔሻሊስት ለመስከረም ነው ያለው" አለችን።

"ልጄ፣ አሁን እኮ ጥር ነው።"

"አዎ አባቴ። መስከረም ቅርብ ነው፣ ሌላው ከዚያም ይርቃል።"

"እስከዚያ እኔን ራሴን ብትረሳኝስ?"

ቀና ብላ አየችኝ። ክፉ ልጅ አልነበረችም። "በቃ ቀጠሮውን እርስዎ ይያዙት፤ እሳቸው እንዳይረሱት" አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃቴ አንድ ብቻ ሆነ። ድስቱን ትርሳ፣ መንገዱን ትርሳ፣ እህቷንም ትርሳ። እኔን ሳትረሳ ሐኪሙ ጋ ልድረስ። ጠዋት ስትነቃ ዓይኗን እያየሁ እጠብቃለሁ። "ተካ፣ ነጋ?" ስትለኝ እንደገና እተነፍሳለሁ።

ሰው ሲቀር ያስገቡናል ብለን ብዙ ጠዋት ሄደን በር ላይ ተቀመጥን። ማንም አይቀርም። ለካ ሌላውም ሰው ሁሉ የቀረ ሰው ሲጠብቅ ነው የሚውለው። በዚህ መሀል ግቢያችን ውስጥ ሐኪም ምረጡ የሚል ክርክር ተነሳ። እኔ ሐኪም መርጬ አላውቅም፤ ሲቀላ ዮሐንስ ነበር፣ አለቀ። እዚህ ግን ሰው ሐኪሙን እንደ እግር ኳስ ቡድን ነው የሚደግፈው። የኩላሊቱ ታማሚ አቶ ገመቹ፣ የጥበቃ ጡረተኛ ናቸው፣ "ሐኪም ማለት ዝም ብሎ የሚሰማ ነው፣ የእኔ ዶክተር አንዲት ቃል አይተነፍስም" ይላሉ። ወይዘሮ በላይነሽ ከወጥ ቤቷ ሆና፣ "ሐኪም ማለት የሚቆጣ ነው! ያልተቆጣ ሐኪም ምን አገባው?" ትላቸዋለች።

"ያንቺ ዶክተር አልነበረም እንዴ ቀኝ እግርሽን አሞሽ ግራውን ያየው?" አሏት አንድ ቀን።

"አይቶ ግራውም እንደታመመ ነገረኝ። የናንተው መቼ ነገራችሁ?"

ጽጌ ትስቃለች። እኔም እስቃለሁ። ውስጤ ግን እኔ የምፈልገው ዝምተኛም ቁጡም አልነበረም። ጽጌን በፊት የሚያውቅ ሐኪም ነበር። የማኅበሩን ሂሳብ በቃሏ ትይዝ የነበረችውን፣ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ የልደት ቀን የምታውቀውን ጽጌን ያየ ሰው ብቻ ነው ምን እንደጎደለባት የሚያውቀው። እንዲህ ዓይነት ሐኪም በአዲስ አበባ ሙሉ አንድም የለም።

በመጨረሻ የግል ክሊኒክ መረጥን፤ ማለቴ መረጥኩ። ወጣት ሴት ዶክተር ናት፣ ፊቷ ደስ ይላል። ጽጌ ለሐኪም ስትለብስ ለጥምቀት እንደምትለብሰው ነው፤ ሐበሻ ቀሚሷን ለበሰች፣ ፀጉሯን አስተካክላ ሻሽ አሰረች፣ ቀጥ ብላ ገባች።

"እናቴ፣ ምን ያስቸግርዎታል?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም። አንቺስ ልጄ? ቤተሰብ ደህና? አግብተሻል?"

ዶክተሯ ሳቀች። "ዛሬ ቀኑ ስንት ነው እናቴ?"

"አንቺ ደግሞ! ጡረታ ወጥቶ ቤት ለተቀመጠ ሰው ቀን ምን ያደርግለታል? ለሥራ የምትገቢው አንቺ ቁጠሪው!"

እንዲህ አለቻት። ዶክተሯ እስክትንከተከት ሳቀችና ወደ እኔ ዞራ፣ "አባቴ፣ እርስዎ ምን አስተዋሉ?" አለችኝ። በቃ፣ ሰዓቱ ደርሷል። ማታ ማታ ልብሷ እንደሚርስ፣ አንድ ቀን ወይዘሮ በላይነሽን ሌባ ብላ አንቃ እንደያዘቻት፣ ሁሉንም ልዘረግፈው አፌን ከፈትኩ። ጽጌ ፈገግ ብላ ታየኛለች። እንደዚያ ለብሳ፣ እንደዚያ ተቀምጣ። እንዴት አድርጌ ነው የሚስቴን ገመና በራሷ ፊት ለማላውቀው ሰው የምናገረው? እናንተ ብትሆኑስ?

"ትንሽ ትረሳለች" አልኩ።

"በዕድሜ ያለ ነው አባቴ። በጣም ጎበዝ እናት ናቸው" አለችና ቫይታሚን አዘዘችልን። ስንወጣ ጽጌ "ደግ ልጅ ናት፤ ያንተን ሕመም ግን አላየችልህም" አለችኝ።

ክረምቱ ገባ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ቀን ከሌት ሲደበድብ ጽጌ እየፈራች መጣች። አንድ ከሰዓት በኋላ እኔ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ የለችም። ጭቃውን እየረገጥኩ ሰፈሩን አዳረስኩ። ያገኘኋት ታክሲ ተራው ላይ፣ በሚጋፉ ተሳፋሪዎች መሀል፣ ረዳቱን "የሲቀላ ባጃጅ በየት በኩል ነው?" እያለች ስትጠይቅ ነው። ረዳቱ "ሸጎሌ ነው ማዘር፣ ሸጎሌ ብቻ!" ይላታል። ሲቀላ ብትሆን ኖሮ፣ ከገበያ ብትጠፋ ከገበያ፣ ከወንዝ ብትጠፋ ከወንዝ፣ ያየ ሁሉ ክንዷን ይዞ ያመጣልኝ ነበር። እዚህ ማን ያውቃታል? ያን ዕለት እጇን ይዤ ስመለስ "አመሰግናለሁ ወንድሜ" አለችኝ። ከብርዱ ነው፣ ደንግጣ ነው ብዬ ተውኩት። ጠዋት "ተካ፣ ነጋ?" ስትለኝ ያን ያህል ዘመን አብረን ኖረን እንደዚያ ቀን ወድጃት አላውቅም።

መስከረም ደረሰ። ቀጠሮ የያዝንበት ስፔሻሊስት ለሥልጠና ሄዷል ተባልን፤ ያገኘነው ከእሱ ሥር የሚማር አንድ ዶክተር ነው፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ። ጽጌ ገና "ቤተሰብ ደህና?" ስትል እኔ ተነሳሁ። "ዶክተር፣ እሷ ትንሽ ውጭ ትቀመጥልኝና እናውራ" አልኩት። ነርሷ ይዛት ወጣች። ነገርኩት። ያልነገርኩት የለም፤ እየነገርኩትም አለቀስኩ። ልጁ እስክጨርስ ድረስ ሰማኝ። አቶ ገመቹ ቢያዩት ይወዱት ነበር።

"አባቴ፣ ከሁሉ በላይ የባሰባቸው መቼ ነው?" አለኝ።

"እዚህ ከመጣን ወዲህ።"

ብዕሩን አስቀመጠ። "እንዲህ ዓይነት ሕመም ያለበት ሰው ከለመደው ቤት ሲወጣ ይብስበታል። በሩን፣ ወጥ ቤቱን፣ ጎረቤቱን ይዞ ነው የሚቆየው።"

"እናንተ ጋ ለመድረስ ነው እኮ የወጣነው።"

"አውቃለሁ" አለ። ብዙ ጊዜ ይህንኑ እንዳለ ያስታውቅበታል። "መድኃኒት እጀምርላቸዋለሁ። አያድንም፣ ትንሽ ሊያዘገየው ይችል ይሆናል። የጭንቅላት ምርመራ እጽፋለሁ፣ ውጤቱን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።"

"መቼ?"

"ለሚያዝያ ነው ያለው።"

"አንተን ነው የምናገኘው?"

"እኔ እስከዚያ ወደ ሌላ ክፍል እዛወራለሁ" አለኝ። ሌላው ሐኪም ደግሞ ቤተሰቡ ደህና መሆኑን ተጠይቆ ከመጀመሪያው ይጀምራል ማለት ነው።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ልምከራችሁ ብዬ ነበር ይህን መጻፍ የጀመርኩት። እንዲህ ያለ ቀጠሮ ይዛችሁ ቤታችሁን ልትዘጉ የምታስቡ አላችሁ፤ ዘግታችሁም እንደ እኔ በየኪራይ ቤቱ ፀሐይ የምትሞቁ አላችሁ። ምን እንደምላችሁ አላውቅም። ብመለስ ምርመራው ይቀራል፤ ብቀመጥ እሷ ትቀራለች። ተነሥቼ ሻንጣ አወርዳለሁ፣ መልሼ እሰቅላለሁ።

ትናንት ማርታ ደወለች። ቤቱ ደህና ነው፣ ማንጎውም ይዟል አለችኝ። ጽጌ ድምጿን ስትሰማ ፊቷ በራ፤ ስልኩን ተቀበለችኝ። እንደዚያ ቀጥ ያለ ንግግር ስትናገር ከሰማኋት ቆይቻለሁ።

"ማርታዬ፣ ሰው ቤት ነው ያለሁት" አለቻት። "አንድ ሽማግሌ ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ ምንም አላሉኝም፤ ያበሉኛል፣ እግሬን ያጥቡልኛል። ግን ሰው ቤት እስከ መቼ ነው? ተካ የት እንዳለሁ አያውቅ ይሆናል። እባክሽ ንገሪው፣ መጥቶ ይውሰደኝ።"

ጽጌ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችና ወደ እኔ ዘረጋች። "ይቅርታ አባቴ፣ የስልክ ሂሳብዎን ጨረስኩብዎ" አለችኝ።

"ጋሼ" አለችኝ ማርታ፣ ድምጿ እየተቆራረጠ። "ጋሼ፣ ምን ልበላቸው?"

"እየመጣ ነው በያት" አልኳት፤ ስልኩንም መልሼ ለጽጌ ሰጠኋት።

ሰማች። ፈገግ አለች። ነጠላዋን አጣፋች፣ ወንበሯን ወደ ግቢው በር አዞረችና ተቀመጠች። እኔም ሌላ ወንበር ሳብኩና አጠገቧ ተቀምጬ አብሬያት መጠበቅ ጀመርኩ።